በተዋስኩት መጽሐፍ ጠርዝ ላይ

የሰው ዕቃ ተውሶ መመለስ የራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ያወጡት ደግሞ ሕግ የተማሩ ሰዎች ሳይሆኑ እናቶቻችን ናቸው። ወንፊት የተዋሰች አራግፋ ትመልሳለች። ድስት የተዋሰች አጥባ፣ ከቻለችም ባዶውን ሳይሆን ጥቂት ነገር ጣል አድርጋበት ትመልሳለች፤ እዚህ ሶዶ አንድ ማንኪያ ዳጣ በርበሬም ቢሆን ከባዶ ድስት ያስከብራል። መጥረቢያ ተውሶ እጀታውን ሰብሮ ዝም ያለ ሰው ስሙ እስከ ሦስተኛው ሰፈር ይሰማል። ሥርዓት ያልተገኘለት ጃንጥላ ብቻ ነው። ጃንጥላ ተውሶ የመለሰ ሰው ካያችሁ ጠቁሙኝ፣ ሄጄ ጉልበቱን እስማለሁ።

መጽሐፍም ሥርዓት ነበረው። በጋዜጣ ትለብጡታላችሁ፣ ገጹን አታጥፉም፣ ወጥ በነካ እጅ አትገልጡትም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አትጽፉበትም። ይህን የምለው እንደ ማንም ሰው አይደለም። እኔ እዚሁ ሶዶ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ መስከረም ላይ መማሪያ መጽሐፍ ቆጥሬ አድላለሁ፣ ሰኔ ላይ ቆጥሬ እረከባለሁ። ገጹ ጠርዝ ላይ ልብ ስሎ፣ ልቡንም በቀስት ወግቶ የመለሰ ተማሪ እኔ ፊት ቆሞ በላጲስ ሳያጠፋ አይሄድም። በእስክሪብቶ ከሆነማ ወላጅ ያመጣል።

እንግዲህ የሰው መጽሐፍ ላይ የጻፈችው ይህቺው ሴት ናት።

ነገሩ የመጣው መጽሐፍ ስልክ ውስጥ ሲገባ ነው። የስልክ መጽሐፍ ስታውሱት ከእናንተ አይጎድልም፤ ስትመልሱትም አንጠልጥላችሁ የምትሄዱት ነገር የለም። ከሰጪው ሳይቀነስ ለተቀባዩ የሚደርስ ነገር እኔ የማውቀው ሁለት ብቻ ነበር፤ የጧፍ ብርሃንና ጉንፋን። ሰውም ግራ የተጋባው ለዚህ ነው። አንዱ የተላከለትን መጽሐፍ ራሱ ሳያነበው ለሃምሳ ሰው ይበትነዋል፤ ደራሲውም እንደ እኛው የሚያሳድጋቸው ልጆች እንዳሉት ትዝ አይለውም። ሌላዋ «ላኪልኝ፣ ላኪልኝ» ብላ ነዝንዛችሁ ከላካችሁላት በኋላ «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳን አትልም። ምን ጎደለባችሁና፣ ይመስላታል።

የእኛ ቡድን ግን ሥርዓት አለው። አምስት ሴቶች ነን። የተገናኘነው ቴሌግራም ላይ ስለ መጽሐፍ ሲወራ ነው፤ በአካል ተያይተን አናውቅም። መጽሐፍ የምታመጣልን አማረች ናት፣ አረካ ላይ ልብስ ትሰፋለች። ብርሃኔ ሁምቦ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የአገሩ ሙቀት ነው መሰለኝ ወሬዋ አይቀዘቅዝም። የቀሩት ሁለቱ ዝም ብለው የሚያነቡ ናቸው። አንዷ ከዱቦ ናት፣ የሌላዋን አገር እንኳ አላውቅም። በበዓል በበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ፤ በሕይወት መኖራቸውን የምናውቀው በዚያ ነው።

መጻሕፍቱ የሚከፈቱት አማረች የስልክ መጽሐፍ ማንበቢያ ላይ ባላት አካውንት ነው፤ አካውንቱ ደግሞ ከሁለት ስልክ በላይ አይቀበልም። አንደኛው የራሷ ነው። በሁለተኛው በተራ እንገባበታለን፣ ለያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሳምንት። ተራዋ የደረሰ የይለፍ ቃሉን ትቀበላለች፣ ታነባለች፣ ቀኗ ሲያልቅ ትወጣና ቡድኑ ላይ «በሩን ዘግቻለሁ» ብላ ትጽፋለች። መጽሐፉ አለቀም አላለቀም መውጣት ነው። «አንድ ቀን ጨምሩልኝ» ማለት ነውር ነው። የሌላዋን ተራ ረግጦ መግባትማ አይነሳም።

እዚህ ላይ ስሜን ልንገራችሁ። እዚያ ቡድን ውስጥ የምጠራው «መምህርት» ተብዬ ነው። እኔ ነኝ አላልኩም። የገባሁ ዕለት የለጠፍኩት ፎቶ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ቆሜ የተነሳሁት ነበር፤ ሰሌዳው አጠገብ የቆምኩት ንብረት ስቆጥር ነው። አማረች ፎቶውን አይታ «መምህርት፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ። እኔም «እንኳን ደህና ቆያችሁኝ» አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባል የለ? በማግስቱ «ኧረ እኔ መምህርት አይደለሁም» ልል አሰብኩ። ከበደኝ። በማግስቱ የከበደ ነገር በዓመቱ እንዴት ይቅለል? ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ፣ ሦስት ልጅ ወልጄ ያሳደግኩ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የጠሩኝ «የእገሌ እናት» እያሉ ነው፣ እሱንም እወደዋለሁ። ይኼኛው ስም ግን ሌላ ጣዕም ነበረው። አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ።

በቅርቡ ታዲያ ተራዬ ደረሰና አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ውስጥ ገባሁ። እንደ ዳገት የሚያስለከልክ መጽሐፍ ነው። አንድ ቀን አንዱን ቃል በጣቴ ጫን ስለው ቢጫ ሆነ፤ ከጎኑም የመጻፊያ ቦታ ተከፈተ። ስልኩ የእኔ፣ ጣቱም የእኔ፤ የምጽፈውም እኔው ዘንድ የሚቀር መሰለኝ። በእረፍት ሰዓት እውነተኛውን የአማርኛ መምህራችንን እጠይቅበታለሁ ብዬ ያልገባኝን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። «ምጸት ምን ማለት ነው?» «ልጁ ለእናቱ ለምን አልነገራትም?» «ይህቺ ሴት የተቆጣችው በባሏ ነው ወይስ በራሷ?» ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ስደርስ፣ ያልሆነውን ሆኖ የኖረ አንድ ሰውዬ ሰርግ ቤት መሃል ሲጋለጥ አነበብኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩና በእርጥብ ጣቴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ጌታ ሆይ፣ እነዚህ ሴቶች መምህርት አለመሆኔን ሳያውቁብኝ ይህን መጽሐፍ አስጨርሰኝ።»

ያ ቀን የተራዬ መጨረሻ ነበር። ወጣሁ። በሩንም ዘጋሁ።

ወር አለፈ። ሁለቱ ዝምተኞች ተራ በተራ ገብተው ወጡ። የብርሃኔ ተራ በገባ በሦስተኛው ቀን ቡድኑ ላይ መልእክት መጣ።

«መምህርት፣ የምዕራፍ አንድንና ሁለትን ጥያቄዎች ሠርቻለሁ። ሦስተኛዋ ከበደችኝ። መቼ ነው የምታርሚልኝ?»

«የምን ጥያቄ?» አልኳት።

«አታካብጂ እንግዲህ። በየገጹ ጠርዝ የጻፍሽውን ነዋ። ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ የቤት ሥራ የሰጠኝ ሰው የለም። ወረቀት ይዤ ነው የምሠራው።»

ለካ የጻፍኩት ስልኬ ላይ አልነበረም። መጽሐፉ ላይ ነው። ያውም በላጲስ የማይጠፋውን፤ ማጥፋት የሚችለው መጽሐፉ ውስጥ የገባ ሰው ብቻ ነው፣ ውስጥ ያለችው ደግሞ ብርሃኔ ናት። እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑና አስቡት። «ብርሃኔ፣ ለአምስት ደቂቃ ውጪልኝ» እንዳልል ተራ ረገጠች እባላለሁ፤ ለምን ብትለኝስ ምን ልላት ነው? አማረችን «ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ያለችውን ነገር ሳታነቢ አጥፊልኝ» ብላት፣ ሳታነቢ የተባለን ነገር የማያነብ ሰው ገና አልተወለደም። ሁለቱ ዝምተኞች ደግሞ በዚያው ገጽ አልፈዋል። አይተውት ይሆን? ሁልጊዜ ዝም ከሚል ሰው ዝምታ ምን ይገኛል?

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ያሳለፍኩት ብርሃኔን በመከታተል ነው። ማክሰኞ፣ «መምህርት፣ ምዕራፍ አራት ተጠናቀቀ።» ሐሙስ፣ «ስድስት ላይ ያለችው ጥያቄሽ አሪፍ ናት፣ ባሌን ጠይቄው ተጣላን።» ሁምቦ ላይ ሥራ የለም እንዴ? እንዲያውም አንድ ቀን፣ ምነው ዛሬ የክትባት ቀን ሆኖ ሕፃናቱ በበዙባት ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው ደነገጥኩ። ለራሷ ገበና ብላ የሰው ልጅ መርፌ ይወጋ ያለች እናት ምን ትባላለች? የክብር ነገር ሰውን እስከዚህ ያደርሰዋል። በስህተት መጠራቴን ነበር የምደብቀው፤ አሁን ግን ክፉ ማሰቤም ተጨመረበት።

ቅዳሜ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ስልክ የሚያነሱት ሰው ከሰጣቸው ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ወለተ ማርያም፣ መጽሐፉ አሁን የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«አየር ላይ ነው አባ።»

«የማን ነው?»

«የሰው ነው።»

«አየር ላይ ባለ የሰው መጽሐፍ ላይ ጻፍሽ።» መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ጸሎቱንስ፣ ውሸቴን ሸፍንልኝ ብለሽ ነው የጸለይሽው?»

«አዎ አባ።»

«እሱን እኮ እንደ ጸሎት የሚሰማ ሌላ አለ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን አይቀበልም።» መስቀሉን አሳለሙኝና፣ «ሂጂ ንገሪያቸው። ቢስቁብሽ ሳቅ አይገድልም» አሉኝ።

ሳቅ አለመግደሉን ሳይስቁበት የሚያውቅ የለም። ያም ሆኖ ወጥቼ፣ ባጃጁ ወደ እኛው ሶዶ መርካቶ ሲሄድ እኔ በእግሬ ወደ ቤት እየሄድኩ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ ጽሑፉን ተውኩትና ድምፄን ቀዳሁ። «እህቶቼ፣ እኔ መምህርት አይደለሁም። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፣ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። የጻፍኳቸው ጥያቄዎች የቤት ሥራ አይደሉም፤ አልገባኝ ብሎ ነው። እስካሁን ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ይቅር በሉኝ።» ላክሁትና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ደርሼ፣ ልብስ አውርጄ፣ አጣጥፌ፣ ያልታጠፈ ነገር ሲያልቅብኝ ከፈትኩት።

የመጀመሪያው መልስ የአማረች ነበር። እሷም በድምፅ ነው የላከችው፤ ከኋላዋ የስፌት መኪናው ይሰማል።

«ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ያለውን ገና የጻፍሽ ዕለት ነው ያየሁት እኮ። እኔ ስልክ ላይም ይመጣል።»

ተቀመጥኩ። «ያኔ ካወቅሽ መምህርት ማለቱን ለምን አላቆምሽም?» ብዬ ጻፍኩላት።

«ሳያውቁብኝ ብለሽ ጸልየሽ የለ እንዴ» አለችኝ። «ጸሎትሽን ላፈርስብሽ?»

እንግዲህ ይህን ሥርዓት ማን አስተማራት? ወንፊቱን የምናራግፍበትን፣ ድስቱን ባዶውን የማንመልስበትን አውቃለሁ። የተዋሰችው ሰው በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ስትጸልይ ያየች ባለመጽሐፍ ምን ማድረግ እንዳለባት ግን የነገረን የለም። አማረች ከራሷ አወጣችው። አይታ እንዳላየ አለፈች። አማረች እንደነገረችኝ ዝምተኞቹም ለካ አይተው ኖሯል፤ እነሱ ግን ሁልጊዜም ዝም ስለሚሉ የዚህኛው ዝምታቸው ልዩ መሆኑን ማን ይወቅላቸው? እኔ እዚህ ገበናዬን ስጠብቅ፣ ሦስት ሴቶች እዚያ ሆነው አብረውኝ ይጠብቁት ነበር።

ያላወቀችው ብርሃኔ ብቻ ነበረች፤ እሷም ምዕራፍ ስምንት ላይ ስለነበረች ነው። ብዙ ሳትቆይ ጻፈች። «ቆይ፣ መምህርት ካልሆንሽ ያንን ሁሉ የሠራሁትን ማን ሊያርመው ነው?»

የሠራሽውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ አልኳት። ሰኞ ዕለት የብርሃኔን መልሶች በወረቀት ገልብጬ ለአማርኛ መምህራችን ወሰድኩለት። በእረፍት ሰዓት ሻዩን እየጠጣ አረማቸው። ስለ ተቆጣችው ሴት የጠየቅኩትን ግን ዘለለው። ለምን ስለው፣ «እሱን እኔም አላወቅኩትም» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውነቴ ቀለለኝ፤ መቅለል ስላችሁ እውነቴን ነው፣ ከገበያ የተሸከሙትን ዱባ ደጃፍ ላይ እንደማውረድ ያለ ነው። ይኸው እንግዲህ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔዋን እውነት ግን ገና ሳትጠራ ነው ለካ ሰው ሁሉ ያያት።

ተራው ዞሮ ባለፈው ሳምንት እኔ ዘንድ ደረሰ። የቀረኝን ልጨርስ ገባሁና መጀመሪያ ያደረግኩት ምዕራፍ ዘጠኝን መክፈት ነው፤ ያቺን ነገር ላጠፋት። ከሥሯ መልስ ተጽፎባታል። አማረች «አሜን» ብላለች። ከሥሯ ሌላ «አሜን» አለ፤ ከሥሩም ሌላ፤ ስማቸውን ያልጻፉት ዝምተኞቹ ናቸው። ላጥፋው ያልኩትን ነገር ማጥፋት አቃተኝ፤ የሰው አሜን እንዴት ይጠፋል?

ከሁሉም በታች የብርሃኔ ነበረች። እንዲህ ትላለች፦

«አሜን። ምዕራፍ አሥር ላይ ግን ጥያቄ የለም፤ ለምን አቆምሽ?»