ማንም የማያየው መንጋጋ

ሰው ጥርስ እንዳለው ትዝ የሚለው ሁለት ጊዜ ይመስለኛል፤ ፎቶግራፍ ሲነሣና ሲያመው። በቀረው ዘመኑ ጥርስ እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ካልጮኸ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እናንተም ብትሆኑ ዛሬ ጧት ምን እንደበላችሁ እንጂ ማን እንዳኘከላችሁ አላሰባችሁም። አልፈርድባችሁም። እኔ በጥርሴ እንጀራ የምበላው ሰውዬ እንኳ ረስቼው ነበር።

በጥርሴ እንጀራ እበላለሁ ስል እንደማንም ሰው ማለቴ አይደለም። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ እህል ገበያ፣ የማሽላ ደላላ ነኝ። ጆንያው ይወጋና ጥቂት ፍሬ መዳፌ ላይ ይፈስሳል፤ አንዷን ወደ መንጋጋዬ ወርወር አድርጌ እነክሳታለሁ። ቀጭ ካለች ደረቅ ናት። ድምፅ ሳታሰማ ከተጨፈለቀች ግን እርጥብ ናትና መጋዘን ገብታ ትሻግታለች። እስክናገር ድረስ ሻጭም ገዥም ፊት ፊቴን ያዩኛል። ይህን ሁሉ ፍርድ የምትሰጠው ታዲያ በቅጡ የምታኝክልኝ አንዲት መንጋጋ ብቻ ነበረች። እኅቶቿን ከአገሬ ተሰድጄ እንደመጣሁ፣ መድኃኒቱ ጉጠት ብቻ በነበረበት በስደተኛ መንደሩ ዘመን አንድ በአንድ ተሰናብቻቸዋለሁ።

አንድ ክረምት ያችው መንጋጋ ታመመች። ሕመሙን አልተርክላችሁም፤ የቀመሰ ያውቀዋል። ባለቤቴ እናኑ እየጎተተች ከገበያው አጠገብ ወደምትሠራ አንዲት ወጣት ሱዳናዊት የጥርስ ሐኪም ወሰደችኝ። ሐኪሟ የታመመውን ነርቭ አውጥታ፣ ውስጡን አጽድታ ሞላችውና ሕመሙ እልም አለ። ልነሣ ስል፣ በዓረብኛዋ አጎቴ ማለቷ ነው፣ "ያ ዐም፣ ገና አልጨረስንም። ይህች ጥርስ ሽፋን ያስፈልጋታል፤ ሳትቆይ ተመለስ" አለችኝ።

ሽፋን ስትል ለእኔ የታየኝ ወርቅ ነው። እኛ ጎንደር በኩል ጥርስ የሚለበጠው ለማማር ነዋ! ሙሽራዋ ወይም መተማና ገላባት የሚመላለሰው የሎሪ ሹፌር የፊት ጥርሱን ወርቅ ያስለብጥና፣ ከዚያ ወዲያ የማያስቀውም ቀልድ ያስቀዋል። እሱስ የፊቱን ነው። የእኔዋ መንጋጋ ከጉንጬ ጀርባ ተሸሽጋ የምትኖር፣ እናኑ እንኳ በዚህ ሁሉ የትዳር ዘመን አይታት የማታውቅ ናት። ለማን ልትታይ ነው የምትሸለመው?

"ሐኪሟ ጨርስ ካለችህ ጨርስ እንጂ" አለች እናኑ።

"ምነው፣ እንደገና ልትድሪኝ ነው?" ብዬ አሳቅኋትና ቀረሁ። ታሞ የተነሣ እግዜርን ረሳ ይባል የለ።

መኸር ደረሰ። ከባሱንዳ ማሽላ የጫነ አንድ ገበሬ መጣና እንደ ወትሮው ፍሬዋን ነከስኩ። ቀጭ አለ። ማሽላዋ ግን አልነበረችም።

መዳፌ ላይ ብተፋው ፍሬዋ እንዳለች ናት፤ ከጎኗ የጥርሴ ስባሪ ተኝቷል። ገበሬው አንገቱን አስግጎ፣ "እንዴት ነው ጋሼ፣ ደርቋል አይደል?" ይለኛል።

ሐኪሟ ዘንድ እየሮጥኩ ገባሁ። አየችና ፊቷ ጨለመ። "ስንጥቁ ወደ ሥሩ ወርዶ ከሆነ መንቀል ነው" አለችኝ። አፌን ከፍቼ ተጋድሜ ለኪዳነ ምሕረት የተሳልኩትን ስለት እኔና እሷ እናውቃለን። ፈርቼ ነበር፤ ምን አስዋሸኝ? ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮዬን ሁሉ ገንፎ ሆኖ አየሁት።

ሐኪሟ ራጅ አነሣችኝ፤ ነካክታም አየች። በመጨረሻ፣ "አልሐምዱሊላህ! ሥሩ ደኅና ነው፤ ትተርፋለች" አለች።

ኡፍ! ድንበር ተሻግሬ የገባሁ ቀን እንኳ እንዲያ አልተነፈስኩም። እንባዬ መጣ። ለአንዲት መንጋጋ ሽማግሌ ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ለምን እንደቀረሁ ስነግራት ሳቋን ለቀቀችው። "ጌጥ መስሎህ ነው? ያ ዐም፣ እንዲህ የተቦረቦረች ጥርስ ግድግዳዋ ስስ ነው፤ ስትነክስባት ትተረተራለች። ሙቀጫችሁ ሲሰነጠቅ ዙሪያውን በብረት አታስሩትም? ሽፋን ማለት ያ ብረት ነው፤ ጥርሷን አቅፎ ይይዝልሃል።"

ይህን ብላ የመንጋጋዬን ዙሪያ ሞረደች፤ ሊጥ በመሰለ ነገር ልኳን ወሰደች፤ እስከዚያው ጊዜያዊ ክዳን ደፋችላት። ኋላም ልክክ ያለ ብርማ ቆብ መጥቶ ተጣበቀላት። ስትሸኘኝ፣ "ቆቡ አይበሰብስም፤ ከድድህ ጋር የሚገናኝበት ጥርስህ ግን ይበሰብሳል። መቦረሽ እንዳትተው። በማሽላ ንክሻም ኸላስ፣ በቃህ!" አለችኝ።

በቃኝ። አሁን ፍሬዋን ለሻጩ ለራሱ እሰጠውና ንከስ እለዋለሁ፤ እሱ ይነክሳል፣ እኔ ፊቱን አያለሁ። ቀጭ ብላ እሱም ጉንጩን ይዞ ፊቱን ካጨማደደ ሁለት ነገር አውቃለሁ፤ ማሽላው ደርቋል፣ ሰውዬውም ሐኪም ይሻል። ያን ጊዜ አፌን በሰፊው ከፍቼ አሳየዋለሁ። ያችን ማንም የማያያትን መንጋጋ እስካሁን ያላየ ሰው ገበያው ውስጥ የለም።