የጅቦቹ አገልግሎትና የጀላሉ ጋሪ

ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ ብዙ ታላላቅ ግኝቶች ተገኝተዋል፤ እሳት፣ ጎማ፣ ስልክ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚቀመጠው ግን ዶክተር ኣረፋይነ መቐለ ዳር፣ ከቃላሚኖ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ጅብ አጥንት እንደሚበላ ያረጋገጡበት ጥናት ነው። ከዚያ በፊት ጅብ አጥንት ይበላል እየተባለ ይወራ ነበር እንጂ ወሬውን በሠንጠረዥ የደገፈ አንድ ሰው አልነበረም።

ዶክተሩ የብዝኀ ሕይወት ጥበቃና የአካባቢ ኢኮኖሚክስ ሊቅ ናቸው። ሙያቸው ባጭሩ ተፈጥሮ በነጻ ለምትሰጠው ነገር ሁሉ ዋጋ ማውጣት ነው። ንብ አበባ ላይ ብታርፍ ዋጋ ያወጡላታል፤ ዛፍ ጥላ ቢጥል ይገምቱታል። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጠው ሲያስቡ በበረንዳው ላይ ያለፈ ደመና እንኳ ሳይሰላ አልሄደም። የቀራቸው ፕሮፌሰርነት ብቻ ነበር፤ ለእሱም አንድ ትልቅ ጥናት ያስፈልጋቸዋል።

ጥናቱ የተካሄደው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ነው። ጅብ የሌሊት ሠራተኛ ነው፤ ዶክተሩ የቀን ሰው ናቸው። ስለዚህ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአጥንቱን ክምር ይለካሉ፣ ጠዋት ተመልሰው ባዶውን ሜዳ ይለካሉ። ልዩነቱ ጅብ ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቀመር ከፀሐይ በታች ታይቶ አይታወቅም።

ወደ ሜዳው የሚሄዱት በጀላሉ ጋሪ ነበር። ጀላሉ ከወሎ መጥቶ መቐለ ሲኖር ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በየቀኑ ከቀዳማይ ወያነ ሰፈር ሥጋ ቤቶች አጥንቱን ሰብስቦ በአህያው ይወስድና ሜዳው ላይ ይገለብጣል። ለዚህም አንድ የጽዳት ጽሕፈት ቤት (ስሙን ብንጠራ ሌሎቹ ይቀኑበታል) በየወሩ ይከፍለዋል። ሚስቱ ሁሪያና ሦስት ልጆቹ የሚተዳደሩት በዚሁ ክፍያ ነው። ዶክተሩ ሃምሳ ቀን ሙሉ ከአጥንቱ ጎን ተቀምጠው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው፣ ክምሩ ሲገለበጥ በዓይናቸው እያዩ ተጓዙ። አጥንቱ ሜዳው ላይ እንዴት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ግን ከጥናቱ ወሰን ውጪ ነበር።

አንድ ቀን ጀላሉ ልጓሙን ላላ አድርጎ፣ “ዶክተር፣ እኔስ መጽሐፉ ውስጥ አለሁ?” አላቸው።

“አንተ መጓጓዣ ነህ” አሉት በአክብሮት። “ባለድርሻው ጅቡ ነው።”

“አልሐምዱሊላህ። ከጅቡ ቀጥሎ ከተቆጠርኩ ምን ጎደለኝ።”

ግኝቱ በአዳራሽ ቀረበ። አንድ ጅብ በዓመት የሚያነሳው ቆሻሻ በመኪና ቢነሳ የሚፈጀው ነዳጅ ሲነበብ የፊት ረድፍ ላይ የነበሩት ሰዎች ወንበራቸውን ያዙ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ኣስመላሽ ተነሥተው፣ እነዚህ አጋሮቻችን ያለ ደመወዝ፣ ያለ ደንብ ልብስና ያለ ዓመት ፈቃድ ሲያገለግሉን ያላስተዋልን እኛ ነን ብለው ተናገሩ። ጭብጨባው ጣሪያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ከኋላ የሰው ኃይል ባለሙያዋ ወይዘሮ ፍሬወይኒ እጃቸውን አወጡ።

“የዓመቱን ያገኙት የሃምሳውን ቀን በሰባት አባዝተው ነው?”

“በሰባት ነጥብ ሦስት” አሉ ዶክተሩ።

“ጾሙስ?”

“ጅብ አይጾምም፣ ወይዘሮ ፍሬወይኒ።”

“ጅቡማ አይጾምም፣ ሓወይ። የሚጾመው ሥጋ ቤቱ ነው።”

አስተያየቱ ገንቢ ነው ተብሎ ተመዘገበና ታለፈ።

በሳምንቱ ጅቦቹ “የጽዳት አጋር አካላት” ተብለው እውቅና አገኙ። ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ደብዳቤ ሜዳው ላይ በተተከለ እንጨት ተለጠፈላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ከነሙጫው ስለተበላም ለተቀባዩ መድረሱ በመዝገብ ተረጋገጠ። ጀላሉም ደብዳቤ ደረሰው። የእሱ ሥራ ከጅቦቹ ሥራ ጋር የተደራረበ አደረጃጀት ሆኖ ስለተገኘ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ተሰናብቷል።

ደብዳቤውን ይዞ ዶክተሩ ዘንድ ሄደ።

“ጅቡ እሥጋ ቤት ድረስ መጥቶ ሊወስድ ነው?”

“ተፈጥሮ ራሷን ታስተካክላለች።”

“እሷ ታስተካክል። ሁሪያን ምን ልበላት?”

ዶክተሩ ይህ የስሜት ጥያቄ እንጂ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዱት። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ሻያቸውን ያለ ስኳር ጠጥተው መጨረሳቸውን ያወቁት ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የታሪክ ጸሐፊዎች ይጨነቁበት። በመጀመሪያው ሳምንት አጥንቱ የሥጋ ቤቶቹን ደረጃ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት እስከ ውቅሮ ያሉ ውሾች ዘመድ ጥየቃ መጡ። በሦስተኛው አንድ እንግዳ ሰው ክምሩን ከሩቅ አይቶ የተራራውን ስም ጠየቀ። ጅቦቹ በበኩላቸው ሜዳቸው ላይ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ከዚያ ሄዱ። አቶ ኣስመላሽም፣ ጅቦቹ ከሥራ ገበታቸው በመቅረታቸው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይጻፍላቸው አሉ።

ዶክተሩ በአስቸኳይ አዲስ ጥናት አደረጉ። ውጤቱም “በግብዓቱና በተጠቃሚው መካከል የቦታ ክፍተት ተፈጥሯል” የሚል ሆነ፤ ይኸውም አጥንቱ እዚህ፣ ጅቡ እዚያ ነው ማለት ነው። መፍትሔውንም ራሳቸው ጻፉት። “የሥነ ምህዳራዊ ግብዓት አቅርቦት ባለሙያ” ይቀጠር፤ ግብዓቱም ነዳጅ በማይፈልግ፣ በእንስሳ ጉልበት በሚንቀሳቀስ ባለሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ይጓጓዝ።

ወይዘሮ ፍሬወይኒ ማስታወቂያውን ለጥፈው ሲጨርሱ ጀላሉ ቆሞ ነበር። አነበቡለት።

“ይኼማ የኔ ጋሪ ነው” አለ ፊቱ በርቶ።

“ጋሪው ያንተ ነው። መመዘኛው ግን ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ በመስመሩ ላይ ሃምሳ ቀን የተጓዘ፣ የጽሑፍ ማስረጃ ያለው ይላል።”

“ዘጠኝ ዓመት ተጉዣለሁ።”

“በጽሑፍ?”

“በእግር።”

ወይዘሮ ፍሬወይኒ መመዘኛውን እንደገና አነበቡት። ከዚያ በመቐለ ይህን መመዘኛ የሚያሟላ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ትዝ አላቸው፤ ፈገግታቸውንም በፋይል ሸፈኑት።

ዶክተሩ መመዘኛውን ሲያወጡ ያሰቡት የሚሽከረከር ወንበር ያለው ቢሮና ከተማሪዎቻቸው አንዱን ነበር። ተማሪዎቹ ግን ጋሪ ላይ ወጥተው አያውቁም። የታተመው ጥናት ገጽ አርባ ላይ “ተመራማሪው ለሃምሳ ቀናት በአህያ ጋሪ ተጉዟል” ተብሎ በማያሻማ ቋንቋ ሰፍሯል። አቶ ኣስመላሽ፣ ዶክተሩ ከመሥሪያ ቤታቸው በትውስት ለዚሁ ሥራ የተመደቡበትን ደብዳቤ ራሳቸው አመጡላቸው።

“ስሕተት ይኖራል” አሉ ዶክተሩ።

“ገጽ አርባ ላይ?”

ገጽ አርባ ስሕተት ከሆነ ጥናቱ ስሕተት ነው፤ ጥናቱ ስሕተት ከሆነ ፕሮፌሰርነቱ የለም። ዶክተሩ ፈረሙ።

አህያዋ የትምህርት ማስረጃ ስላልተጠየቀች በዚያው ቀን በኪራይ ውል ተቀጠረች። በውሉ ላይ ወይዘሮ ፍሬወይኒ ያስገቡት አንድ አንቀጽ አለ፤ ባለቤቱ አብሮ እየሄደ እንስሳዋ በአግባቡ መያዟን ይከታተላል፣ ስለ ነጂውም የሥራ አፈጻጸም በየወሩ አስተያየት ይሰጣል። ኪራዩ ከቀድሞ ደመወዙ ትንሽ ስለሚበልጥ ጀላሉ ሳይከራከር ጣቱን አሳረፈ።

በመጀመሪያው ጠዋት ዶክተሩ ከረባት አስረው መጡ። አጥንቱ ተጫነ፤ ልጓሙን ያዙ፤ አህያዋ አልተነቃነቀችም። “ሂጂ” አሏት። በትግርኛም “ንዒ” ብለው ጠሯት። ሥጋ ሻጮቹ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ወጡ።

“ጀላሉ” አሉ ዶክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ምን ብዬ ላስነሳት?”

“ኧረ ዶክተር፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር ለማማከር አልደፍርም። ማስታወቂያው ሁለተኛ ዲግሪ ይላል።”

ዶክተሩ ላብ በላብ ሆኑ። ጀላሉ ትንሽ አያቸውና ልቡ አልቻለም።

“አብሽር። ከፊት አይቁሙባት እንጂ፤ ወዴት ትሂድ? ከጎን ይሁኑ።”

ከጎን ሆኑ። አህያዋ ሄደች።

ወሩ ሲያልቅ ወይዘሮ ፍሬወይኒ የአፈጻጸም ቅጹን ይዘው ጀላሉን አስቀመጡት፤ እሱ እየተናገረ እሳቸው ጻፉ። “ሰውየው ክፉ አይደሉም። ጥረት አላቸው። ቀጥታ መንገድ ላይ ደህና ናቸው፤ መታጠፊያ ላይ ያስባሉ፤ ያኔ አህያዋም ትቆማለች። ጊዜ ቢሰጣቸው ይማራሉ።”

ቅጹ ለአቶ ኣስመላሽ ቀረበ። እሳቸውም አንብበው፣ መርምረውና ማኅተም አድርገው፣ የዶክተሩ የሙከራ ጊዜ ለሦስት ወር እንዲራዘም፣ የአህያዋ ቅጥር ግን እንዲጸድቅ ወሰኑ።