የሰይድ ባትና የእኔ አውራ ጣት

እኛ ሐበሾች የሰው ሕመም ሰምተን ዝም ማለት አይሆንልንም። አንዱ ባቴን አመመኝ ካለ፣ ሰላምታው ሳያልቅ ሦስት ሰው መድኃኒት ያዝዝለታል፤ አራተኛው እጅጌውን ይሰበስባል። አራተኛው እኔ ነኝ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ቅመም የምሸጥ ሰው፣ ወጌሻ ብሎ ማን ሾመኝ? ማንም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት የማውቀው ለሌላ ሰው ልነግረው ነው።

የሚስቴ ወንድም ሰይድ ሰሊጥ ተሸካሚ ነው። አዝመራው ገና ሲጀመር፣ ኩንታል ተሸክሞ ሎሪ ላይ ሲወጣ ባቱ ውስጥ «ቷ!» የሚል ነገር ተሰማውና እዚያው ተቀመጠ። እኔ ምን ሠራሁ? የሰሊጥ ዘይት አሙቄ ሦስት ቀን በአውራ ጣቴ አሸሁት። ሲጮህ «ይኸው እየለቀቀህ ነው» እለዋለሁ። በአራተኛው ቀን ባቱ አብጦና ጠቁሮ መሬት መርገጥ አቃተው። ተሸካሚ በአዝመራ ከተኛ ዓመቱን ምን ሊበላ ነው? ልቤ ፈራ፤ አፌ ግን «ሊድን ሲል እንዲህ ነው» አለ። ሚስቴ አፌን አላመነችውም። ሁለታችንንም እዚህ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ላይ ጭና ክሊኒክ ላከችን።

ሐኪሟ ወጣት ሱዳናዊት ናት። ባቱን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንዱን እጀታ ስታንሸራትትበት፣ ኮምፒውተሩ ላይ የታየውን እንዴት ልንገራችሁ! ቆዳው ሳይነካ የሰይድ ውስጡ ወለል ብሎ ታየ። ጡንቻው በመስመር በመስመር ተደርድሯል፣ የእርሻ ትልም ይመስላል። የእግሩን ጣት ሲያንቀሳቅስ መስመሩ ሁሉ አብሮ ይሳባል። ሱብሃነላህ! አርባ ዓመት በዚህ ነገር ስራመድ አንድ ቀን አመስግኜ አላውቅም። መሐል ላይ ግን መስመሮቹ ተበጥሰው ጥቁር ኩሬ ተኝቷል። ደም ነው አለችን። ጫፍና ጫፉ ላይ ነጥብ ስታደርግ፣ ስፋቱን ኮምፒውተሩ ራሱ ለክቶ ጻፈው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ቀጥላ ደሙ እንዲህ የበዛው በመታሸቱ ሳይሆን አይቀርም አለችና ማን እንዳሸው ጠየቀች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሰይድ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳይል፣ «ራሴ ነኝ፣ ዶክቶራ» አላት። ለእኔ የሚገባውን ቁጣ እሱ ጠጣልኝ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ክኒን የለ፣ መርፌ የለ፤ ይረፍ፣ አይሸከም፣ ማንም እንዳያሸው! ትእዛዙ ይኸው ነበር። ከሳምንታት በኋላ ተመልሰን ስናይ ኩሬው ደርቋል፤ መስመሮቹ ተያይዘዋል። ሥጋ ያለ መርፌ፣ ያለ ክር ራሱን ሰፍቷል። እንባዬ መጣ። አዝመራው ሳያልቅም ሰይድ ወደ ሸክም ሥራው ተመለሰ።

በማግሥቱ ሱቄ በር ላይ ሦስት ተሸካሚዎች ሱሪያቸውን ጠቅልለው ቆመው አገኘኋቸው። ሰይድ ማን እንዳዳነው ሲጠይቁት፣ «ሐኪሟማ አየችኝ እንጂ ምን አደረገችኝ? ያሸኝ ጋሼ ነው» ብሏቸዋል። «እኔ አይደለሁም» ብዬ ብዬ አልሆነልኝም። በመጨረሻ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «ወላሂ፣ ያዳነው ዕረፍት ነው፤ እኔስ አባብሼበት ነበር!» ብዬ ማልኩ።

ትልቁ ሰውዬ ወደ ጓደኞቹ ዞር አለና፣ «አያችሁ? አዋቂ ሰው ራሱን አያሞግስም» ብሎ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰበሰበው።