በአንድ መስመር ኮድ የረገፈ ሰሊጥ

ጓዶች፣ ዛሬ ያዋረደኝ ሰው አይደለም። ፋይል ነው! አዎ፣ ኮምፒውተር ላይ ያለ ተራ ፋይል።

የምኖረው ገንዳ ውሃ ነው። አጎቴ ሐጂ ኑሩ ኮኪት አካባቢ ሰሊጥ ያርሳሉ። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ደርሶ ጥቂት ቀን ከቆየ ፍሬው እየተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል። የረገፈውን ማን ይለቅመዋል? ጉንዳን!

የሚያጭዱላቸው ከጎጃም የሚመጡ ልጆች ናቸው። ከተማ ሆነው ጥሪ ይጠብቃሉ። አለቃቸው ፈንታሁን ይባላል። እሱና አጎቴ የሚግባቡት በሚስኮል ነው። አንድ ሚስኮል "ነገ ጠዋት ኑ" ማለት ነው። ሁለት ከሆነ "ቅሩ፣ ደህና አይደለም"። ለዓመታት እንዲህ ሲሠሩ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

እኔ ነኛ አዋቂው!

"ሐጂ፣ በዚህ ዘመን በሚስኮል? ለሁሉም አጫጅ በአንዴ ሜሴጅ የሚልክ ፕሮግራም እሠራልዎታለሁ" አልኳቸው። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተምሬ የለ?

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ።

መልእክቱን አንድ ፋይል ላይ ጻፍኩ። የእርሻው ቦታ፣ መኪናው የሚቆምበት፣ ሁሉም አለ። ፕሮግራሙ ፋይሉን ይከፍትና መጀመሪያ እኔ እንዳየው ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ እንደገና አንብቦ በሐጂ ስልክ ይልከዋል።

ትናንት ከሰዓት ራን አደረግኩት። መልእክቱ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ አለ። "ተልኳል" አለኝ።

ከአጫጆቹ ግን አንድም መልስ የለም። ኔትወርክ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። "ተልኳል!" አለኝ። ተኛሁ።

ዛሬ ጠዋት ከአጎቴ ጋር እርሻው ላይ ደረስን። ሰው የለም። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ሰሊጥ መርገፍ ጀምሯል።

ደሜ ፈላ! በራሴ ስልክ ለፈንታሁን ደወልኩና አጎቴ እየሰሙ ወረድኩበት። "ቃል የለህም እንዴ? ሜሴጅ ደርሶህ ትቀራለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ!"

"ኧረግ! ምን የተጻፈ ነገር አለና ወንድማለም? ባዶ መጣ። ቆየት ብሎ ሌላ ባዶ መጣ። ሁለት ሲሆን ቅሩ ማለት አይደል? ሐጂን ምን አገኛቸው ብለን ስንደውል አመሸን፣ የሚያነሳ ጠፋ። ጠዋት ሌላ ገበሬ ወሰደን።"

የሐጂን ስልክ ከቦርሳዬ አወጣሁት። ሳይለንት ላይ ነበር። ሚስኮል በሚስኮል ሆኗል!

ላፕቶፑን መኪናው ውስጥ ከፈትኩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚያቃጥለኝም ቀላልነቱ ነው። ፓይተን ፋይል ሲያነብ በጣቱ መስመር እየተከተለ እንደሚያነብ ሰው ነው። ሲጨርስ ጣቱ መጨረሻው ላይ ይቀራል። ድጋሚ አንብብ ስትሉት ከቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ምንም የለም! እኔ ለማየት አንዴ አስነበብኩት፣ ለመላክ ደግሞ ሌላ ጊዜ። የላከው ያንኑ ባዶ ነው።

ኤረር የለም! ቀይ ጽሑፍ የለም! አንዲት ሁለት ነጥብ ስረሳ አገር የሚያቃጥል ቋንቋ፣ ዛሬ ዝም! ወደ መጀመሪያው ተመለስ የምትል አንዲት መስመር ብጨምር ኖሮ አልቆ ነበር። አንዲት!

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ተረኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

"እና ልጁ ጥፋት የለበትም?"

"የለበትም።"

"ኸላስ፣ በቃ። ደውልና ይቅርታ በለው።"

ደወልኩ። ፈንታሁን አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር!

"እኛስ ይሁን፤ የያዝነውን ጨርሰን ነገ ለሐጂ ስንል እንመጣለን። ግን ያን ሁሉ ሰው ጠርተህ አንድ እንኳ ሳይመልስልህ ሲቀር፣ ምነው ደህና ናችሁ ወይ ብለህ አትደውልም?"

ይቅርታውን ደግሜ ስልኩን ዘጋሁ።

እስከ ነገ ድረስ ያለነው እኔና አጎቴ ነን። ማጭድ ይዘን ከዳር ጀመርን። ማጭዱን በጎተትኩ ቁጥር ፍሬው እግሬ ሥር ይበተናል። እሳቸው ያጭዳሉ።

ኮዱንማ በአንድ መስመር አስተካከልኩት። ማሽን "ተልኳል" ስላለኝ ብቻ ተኝቼ ያደርኩትን እኔን ግን በስንት መስመር ነው የምታስተካክሉኝ?