ሊቀ መራጭ መሪ ሲመርጥ

እስቲ እዚያ የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ፣ ጎማ የሌለው መኪና ላይ ተቀምጦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚጠማዘዘውን ጎልማሳ እዩት። በየቤተሰቡ እንዲህ ዓይነት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው ገዝቶ ይጸጸታል፤ እሱ ሳይገዛ ያረጃል።

መነጽር ሠሪ ነው። ታላቅ እህቱ ሊቀ መራጭ ትለዋለች። ጃንጥላ መርጦ ሳይጨርስ ዝናቡ ያባራበት፣ ፍራሽ ልሞክር ብሎ ሱቅ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎት ዘበኛ የቀሰቀሰው እሱ ነው። ለምን ዘገየህ ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ጥናት ላይ ነኝ።» አገር የሚያቀና ጥናት ይመስላችኋል።

አሁን የያዘው ጥናት ለኮምፒውተር የመኪና ውድድር ጨዋታ የሚሆን መሪ ነው። ተራውን አይደለም። ዳይሬክት ድራይቭ የሚባለውን፣ መሪው ቀጥታ ሞተሩ ላይ የሚታሰረውን፣ ጎማው ሲንሸራተትና መንገዱ ሲጎረብጥ ቁልጭ አድርጎ እጅ ላይ የሚያሰማውን። ይሄኛው ከበደ ይላል። ያኛው ቀለለ ይላል። ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያየው መጋዘን ገብቶ መደበቅ ጀምሯል።

እህትየው ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ መጠበቅ የማትወድ ሴት ናት፤ የተናደደችው ግን በከንቱ አይደለም። መሪው የሚገዛው ለአባታቸው ነው። አባት ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተው፣ ከታመሙ ወዲህ ግራ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው መንጃ ፈቃዳቸውን አስረክበዋል። መጀመሪያ ሰሞን መስኮት ላይ ተቀምጠው አላፊውን ሾፌር ሁሉ ይሰድቡ ነበር። አሁን መሳደቡንም ትተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋል ጀምረዋል። አባቷ ዓይኗ እያየ ሲጠፉባት እሷ ምን ትበል? ወንድሟ እንደሆነ ጥናት ላይ ነው። ሰው እየጠበቀ ጥናት!

ስለዚህ ዛሬ ሱቁ ድረስ እግር በእግር ተከትላው መጣች። ከኋላው ቆመች።

«ሊቀ መራጭ፣ አባባ እርስዎ እስኪወስኑ ይኖሩልዎታል?»

አልዞረም፤ ኩርባ ላይ ነበር። ልትጮኽበት ስትጠጋ ግራ እጁን አየችው። ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀምጦበታል። የሚነዳው በቀኝ እጁ ብቻ ነው። መሪው ድንገት ዞሮ ከእጁ አመለጠው።

«ይሄ የአባባን እጅ ይጠመዝዛል» አለ አንጓውን እያሸ።

«ኃይሉን ቀንስላቸዋ!»

«ብዙ ከቀነስኩት መንገዱ አይሰማም። መጫወቻ ሰጣችሁኝ ብለው ሁለተኛ አይነኩትም። ታውቂያቸው የለ።»

ታውቃቸዋለች። ቦርሳዋን ለሻጩ አሸከመችው። ወንድሟን አስነስታ፣ ግራ እጇን ከጭኗ ሥር ከትታ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ከበደ አለች። ሁለተኛውን ቀለለ አለች። ሻጩ ሁለት እንደሆኑበት ሲገባው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሦስተኛው ላይ የመንገዱ ጠጠር መዳፏ ውስጥ ተንኮሻኮሸ፤ መሪው ግን እጇን አልጠመዘዘባትም።

«ይሄ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«አንዴ ብቻ እኔም ደግሜ ልየው።»

«እየው። አልቸኩልም» ብላ ተነሳችለት።

ሳይመሽባቸው ተሸክመውት ወጡ፤ ሳጥኑን ማን ይያዝ ብለው እየተጨቃጨቁ።

እናንተ ችኩሎች፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ከመጮኻችሁ በፊት አንድ ቀን አብራችሁት ሱቅ ሂዱ።