የማን ጨፌ?

እኛ መቱዎች ሩዝን የምናውቀው ሁለት ቦታ ነው፤ ሰርግ ላይና ሆዳችንን ሲያመን። ጤነኛ ሰው በደህናው ቀን ሩዝ ሲበላ ከታየ ጎረቤት «ምነው፣ ምን አገኘው?» ብሎ ሊጠይቀው ይመጣል። እንግዲህ አገራችን የሩዝ አገር ሊሆን ነው ሲባል ምን አልኩ መሰላችሁ? ወይ ሁላችንም ልንዳር ነው፣ ወይ ሁላችንም ልንታመም ነው። መንግሥት ግን ሩዝ ለሚዘራ ገበሬ ድጎማ ፈቀደ። ድጎማ ደግሞ፣ መቼም አይጠፋችሁም፣ ያልለመዱትን ምግብ ሳይቀር ያጣፍጣል።

ዳሪሙ ወረዳ የሚኖሩት አማቴ ኦቦ ገመዳ ከቤታቸው ግርጌ ረግረግ መሬት አላቸው። በእኛ አካባቢ ረግረጉም፣ በላዩ የሚበቅለው ሣርም ጨፌ ነው የሚባለው። ሣሩ ለቤት ክዳን ይሆናል። የአማቴ ጎጆ ክዳን አርጅቶ ስለነበር፣ ያን ዓመት ክረምት ሳይገባ ሣሩን አጭደው ሊያድሱት ቆርጠው ተነስተዋል። ኢሉባቦር ላይ ዝናብ እንግዳ ሳይሆን ቤተኛ ነው፤ ክዳኑ ያረጀበት ሰው ቀልድ አያውቅም።

ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት የግብርና ባለሙያው እየተጣደፈ መጣ።

«ኦቦ ገመዳ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ጨፌ የሩዙን ድጎማ አጽድቋል።»

አማቴ ዞር ብለው ረግረጉን አዩት። «ጨፌ ካን ኤኙ? የማን ጨፌ?»

«ጨፌ ነዋ!»

«የእኔ ጨፌ እንኳ ምንም አላጸደቀም። አሁን ከዚያው መምጣቴ ነው።»

ሰውዬው የክልሉን ምክር ቤት ማለቱ ነበር፤ እሱም ጨፌ ይባላላ! ነገሩ ሲገባቸው አማቴ ራሳቸው ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም። ለበቆሏቸው ማዳበሪያ አጥተው ተጨንቀዋል፤ በድጎማ የሚመጣው ማዳበሪያ ደግሞ ሩዝ ለሚዘራ ብቻ ነው ተባለ። ሩዝ ይዘራ ከተባለ የክዳኑ ሣር ለአጨዳ ሳይደርስ ከነሥሩ መመንጠሩ ነው። ሁለት ወዶ አይቻልም። ሣሩ ተመነጠረ፣ ሩዙ ተዘራ።

ማዳበሪያውስ? ትሉኝ ይሆናል። ማታውኑ ወደ በቆሎው ማሳ ሄደ። የሰው ሆድ የለመደውን ነው የሚያውቀው፤ ሰው ሩዝ ስለተደጎመለት ገንፎውን አይረሳም። ረግረጉ በራሱ ለም ነውና ሩዙም ያለ ምንም ማዳበሪያ አማረበት።

ክረምቱ አጋማሽ ላይ ከመቱም ከእኛው ቡሬም የመንግሥት እንግዶች በመኪና መጥተው ማሳውን ከበቡ። «ማዳበሪያ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው አጨበጨቡ። አማቴ «እውነት ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን በቆሎው ላይ ነበር።

ይኼኔ ዝናቡ ወረደና ሁላችንም ጎጆዋ ውስጥ ተጠቀጠቅን። የእንግዶቹ አለቃ ስለ ድጎማው ጥቅም ንግግር ጀመረ። ጠብ! አንገቱ ላይ። ፈቀቅ አለ። እዚያም ጠብ። አማቴ አንገታቸውን ደፉ፤ እንግዳ በቤታቸው ሲበሰብስ ማየት ለሳቸው ሞት ነው።

«ኦቦ ገመዳ፣ ምነው ክዳንዎን ሳያድሱት?»

«ክዳኑማ ውጭ ነው። አሁን ያጨበጨባችሁለት እኮ እሱ ነው።»

አለቃው ሳል ቢጤ ያዘው። «ግድ የለም፣ ለቆርቆሮም ድጎማ እንዲፈቀድ ለጨፌ እናቀርባለን።»

አማቴ ባልዲ አምጥተው እግሩ ሥር አስቀመጡለት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉት። «የድሮው ጨፌ ግን ሳይሰበሰብ ነበር የሚሰጠኝ።»