ጋሽ መኮንን ፈረሰኛ ሆኑ

ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ ፈረሰኛ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ጋሽ መኮንን ከእኔ ጋር በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ካምደን ሰፈር ውስጥ የድሮ የአውሮፓ ፈረሰኞች ግጥም መማር ከጀመሩ ወዲህ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ ትተዋል፤ ለሴት ሁሉ ይነሳሉ። መምህሯ፣ «ፈረሰኛ በፈተና ጊዜ አይዋሽም፤ እመቤቱ የምትሰጠው ሻርፕም ለእሷ የታማኝነቱ ምልክት ነው» ስትል ተሽቀዳድመው ጻፉ።

ባለፈው ሐሙስ ዝናብ ሲጥል፣ አንዲት የክፍላችን ተማሪ አዝናላቸው ቀይ ሻርፗን አንገታቸው ላይ ጠመጠመችላቸው። እቤት ሳይደርሱ እንዲያወልቁት ለመንኳቸው።

«ፈረሰኛ የእመቤት ምልክት ያወልቃል እንዴ?» ብለው እስከ ሰፈራቸው ሰቨን ሲስተርስ ደረታቸውን ነፍተው ከእኔ ጋር ሄዱ።

በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ናቸው። ሻርፑን አዩት፤ ጠጋ ብለው አሸተቱት። የሴት ሽቶ ነው።

«የማን ነው?»

ጋሽ መኮንን ሻርፑን ኮታቸው ውስጥ ለመወሸቅ ሞከሩ።

«መኮንን! የማን ነው አልኩህ!»

«የ... የሱ ነው!» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

እትዬ ዘውዴ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ሻርፑን ፈትተው የእኔ አንገት ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩት።

«በል እንዳይበርድህ፣ አድርገኸው ቤትህ ግባ» አሉኝ፤ «ለሚስትህ እኔ እደውልላታለሁ።»